ለእመት ሐመልማል የተገኘው ንጉሥ

መምህር ይርዳው ቢያድግልኝ ያን ሕልም ያየው ሌሊት አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው። እንዴት እንደ ተኛ እሱም አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ሐውልቶች በቆሙበት ሰፊ ሜዳ መካከል ራሱን አገኘ። ሐውልቶቹ ግን በአናታቸው ተተክለው ነበር። ሹል ጫፋቸው መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ሰፊው መሠረታቸው ወደ ሰማይ ተገልብጧል። ሴቶች መሰላል አስደግፈው እላያቸው ላይ ወጥተው በርበሬ አስጥተዋል።

ይርዳው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጥንት ታሪክ ሲያስተምር ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። የአክሱምን፣ የግብፅን፣ የባቢሎንን፣ የሮምን ነገሥታት ተራ በቃሉ ይዞታል። ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ማንን ገድሎ እንደ ነገሠ ያለ መጽሐፍ ይቆጥረዋል። ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ጸጥ የሚሉት ፈርተውት አልነበረም፤ አንዴ መቁጠር ከጀመረ እስኪጨርስ ማስቆም ስለማይቻል ነው። ስለዚህ ያለበት አገር የጥንት አገር መሆኑን ሲያውቅ አልደነገጠም። እንዲያውም፣

"ተመስገን፣ ደረስኩ!" አለ።

ከሜዳው ዝቅ ብሎ ገበያ ቆሟል። በገበያው ዳር፣ የቀን ሠራተኞች ቀጣሪ በሚጠብቁበት ቦታ፣ ነገሥታት ቁጢጥ ብለው ተደርድረዋል። ይርዳው በአለባበሳቸው ለያቸው። ድርብ ዘውድ የደፋው የግብፅ ነው። ጺሙን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የባቢሎን ነው። የቅጠል ጉንጉን ግንባሩ ላይ ያሰረው የሮም ነው። በወርቅ የተጠለፈ ሻሽ የጠመጠመው ደግሞ የአገሩ ሰው ነበርና ይርዳው ሳያስበው እጅ ነሣ። ንጉሡ ግራ ቀኙን አይቶ በሹክሹክታ፣

"ኧረ ባክዎ ቀና ይበሉ! ያስቀጡኛል" አለው።

በዚያች አገር አንቱታ የአገልጋይና የሠራተኛ ነው። ንጉሥን አንተ ይሉታል፤ ንግሥትን አንቺ ይሏታል፤ ሲጠሯቸውም በፉጨት ነው።

አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። ጥቁር ካባ ደርባለች፤ ሁለት አልጋ ወራሾች የካባዋን ጫፍ ይዘው ይከተሏታል። የሮሙን ንጉሥ ክንድ ጨመቅ አድርጋ አየች፤ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን ተመለከተች።

"ይሄ ምን ይችላል?"

"አገር ያቀናል፣ ጃንሆይ" አላት ደላላው።

"አገር አልፈልግም። ጭቃ ይረግጣል ወይ?"

"ይለምዳል።"

"እስኪለምድ ማን ይመግበዋል? ያንን ባለ ድርብ ዘውዱን አምጣልኝ።"

የግብፁ ንጉሥ ተነሥቶ ተከተላት። የሮሙ ንጉሥ ግን ሳይቀጠር በመቅረቱ ጉንጉኑን ዓይኑ ላይ ስቦ አለቀሰ።

ይርዳው ሳቀ። ስለ ግፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው፣ ግፈኞቹ ጭቃ ሊረግጡ ሲነዱ ማየት አንጀት የሚያርስ ነገር ሆነበት። "ይበላቸው" አለ።

ጥቂት እንደ ተራመደ ገበያው ጠፋ፤ አሸዋ ሆነ። ከአሸዋው በላይ ፒራሚድ ተንጠልጥሏል። እዚያ አገር የሚገነባው ከጫፍ ነበር። መጀመሪያ ሹሉ አናት ይሠራና አየር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ነገሥታቱ ድንጋይ ተሸክመው በመሰላል እየወጡ ከሥር ከሥሩ ይለጥፉበታል። ይርዳው አንገቱን አቅንቶ እያየ ሳለ አንድ ድንጋይ ተላቀቀ። ከታች የነበሩ ነገሥታት ድምፅ እንኳ ሳያሰሙ ከሥሩ ቀሩ። ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው እየሮጠ መጣ።

"ድንጋዩ ተሰነጠቀ?"

"አልተሰነጠቀም።"

"እግዜር ይመስገን" ብሎ ላቡን ጠረገ። "በሉ ሌላ ንጉሥ አምጡና አንሡት።"

ይርዳው ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ፊቱን ሲያዞር ከተማ ውስጥ ነበር።

አደባባዩ ላይ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ ሕግ ተቀርጿል። ፊደሉን አይቶት የማያውቀው ዓይነት ነው፤ እሱ ግን እንደ ልጅነት ፊደሉ አነበበው። "ሰው የንጉሥን ዓይን ቢያጠፋ አንድ ቁና ገብስ ይክፈል። ንጉሥ የሰውን ዓይን ቢያጠፋ የራሱም የልጁም ዓይን ይጥፋ። ንጉሥ ከጌታው ቤት ቢኮበልል፣ የሸሸገው ሰው በገዛ ደጃፉ ይሰቀል።" ይርዳው እንዲህ ያለውን ሕግ ሲያስተምር ኖሯል። ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ያው ናቸው።

ከአጠገቡ ሌላ ድንጋይ አለ፤ ዙሪያውን አበባ ተነስንሶበታል። እንዲህ ይላል፦ "እኔ ሐመልማል፣ የትርንጎ ልጅ፣ የፈጪዎች ፈጪ፣ ከባሕር እስከ በረሃ ያለውን ሕዝብ ያበላሁ፣ መጄን ከወፍጮዬ ሳላነሣ አገሬን ከረሃብ ያሻገርሁ። ይህን ድንጋይ የሚፍቅ ከነዘር ማንዘሩ ይነቀል።" በዚያው ድንጋይ ግርጌ ቀድሞ የተጻፈ ሌላ ስም ነበረ። ተፍቋል። የንጉሥ ስም እንደ ነበረ የሚያስታውቀው ከዙሪያው የቀረው የአንበሳ ጅራት ብቻ ነው።

ነጋሪት ተመታ። ሕዝቡ ከየጎዳናው እየፈሰሰ አደባባዩን ሞላው። አንድ የነብር ለምድ የለበሰ ሰው ድንጋዩ ላይ ወጣ። አዛዥ ድንቁ ይባላል፤ ፊት አህያ ነጂ ነበረ፤ አሁን የአገሩ አዛዥ ነው። አለንጋው ግን ያው የአህያው አለንጋ ነበር።

"ስሙ! የእመት ሐመልማል ሕመም ጸንቷል። ነፍሳቸው ጉሮሯቸው ላይ ናት። እኛን አብልተው ብቻቸውን ይሂዱ ወይ?"

"አይሄዱም!" አለ ሕዝቡ።

"ታዲያ ንጉሥ የታለ?"

 ይርዳው አጠገቡ የቆሙትን አንዲት አሮጊት፣

"ንጉሥ ለምን ተፈለገ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"እንግዳ ነህ መሰለኝ ልጄ። ፈጪ ስትሞት ንጉሥ አብሯት ይቀበራል። እዚያ ማን ውሃ ይቀዳላታል? ማን እግሯን ያጥባታል?"

"በሕይወቱ ነው የሚቀበረው?"

"ሞቶማ ምን ይሠራል?" አሉ አሮጊቷ ተገርመው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ "ዘመኑ ከፍቷል። ለፒራሚዱ ግንብ የተመደቡትን መንካት አይቻል፤ የቀሩት እያለቁ ነው። ባለፈው ውሃ ቀጂያችን ሲሞቱ ንጉሥ ጠፍቶ ልዑል ቀበርንላቸው። እንዴት እንዳፈርን!" አሉት።

አዛዥ ድንቁ ከላይ ሆኖ የማያውቀውን ፊት አየ። በአክብሮት ከድንጋዩ ወርዶ መጣ።

"እንግዳችን፣ እንደ ምን ዋሉ? ከወዴት ነዎት? ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የታሪክ መምህር ነኝ።"

"ታሪክ ምንድን ነው?"

ይርዳው እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። የክፍል ልጆች የሚጠይቁት "ለፈተና ይመጣል ወይ?" ነው። አሁን አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው ደረቱ ሞላ። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። የአክሱምን ከላይ እስከ ታች ቆጠረ። ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ ሥርወ መንግሥቱን አንድ ባንድ ዘረዘረ። ባቢሎን ገባ። ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ወንድሙን እንዳረደ፣ ማን የአባቱን ሚስት እንዳገባ ሳያዛንፍ ተናገረ። ሮም ሲደርስ ድምፁ ሰለለ፤ ግን ጨረሰ።

ጭብጨባ ጠበቀ። ያጨበጨበ አልነበረም። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

"አባቶቹን ቆጠረ" አለ አንድ ሰው።

"ሁሉንም ቆጠረ" አለች ሌላዋ። "ከየአገሩ! የሁሉም ዘር ነው!"

"አይደለሁም!" አለ ይርዳው። "የተማርኩት ነው። ሙያዬ ነው።"

አዛዥ ድንቁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞረው። "በዚህ አገር ሰው የሚቆጥረው የራሱን ዘር ነው። የሌላውን አባት ምን ቤት ነኝ ብሎ ይቆጥራል? አባትህ ማን ነው?"

"አባትህ" ማለቱን ይርዳው ሰማ። አንቱታው የሄደው በዚያች ቃል ነው።

"ሸማኔ ነበሩ። ቢያድግልኝ ይባላሉ።"

"የእሱስ አባት?"

"ዓለሙ። እሳቸውም ሸማኔ ነበሩ።"

"የዓለሙስ አባት?"

ይርዳው ስሙን ለማስታወስ ሞከረ። በልጅነቱ አንድ ቀን አባቱ ነግረውት ነበር። ድሩን እየቀጠሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ስሙን ጠርተውለት ነበር። እሱ ግን መጽሐፍ እያነበበ ስለነበር እሺ ብሎ አለፈው።

"የሮምን ንጉሥ ቅድመ አያት ታውቃለህ፣ የራስህን ሸማኔ አታውቅም?" አለ አዛዥ ድንቁ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አዛዡ እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው። "ግፍ አንሠራም። ፍርድ ያለበት አገር ነው። አንድ ዕድል ልስጥህ። ከቆጠርካቸው ከነዚያ ሁሉ ዘመናት የአንዲት ፈጪ ስም ጥራ። የአንድ ድንጋይ ጠራቢ፣ የአንድ ቀዛፊ፣ የአንዲት ሞግዚት ስም ጥራ። አንድ ብቻ። ከዚያ በሰላም ትሄዳለህ።"

ይርዳው ማሰብ ጀመረ። በልቡ ግንቦቹን ዞረ፤ ማን እንዳሠራቸው ያውቃል። መርከቦቹ ላይ ወጣ፤ በማን ስም እንደ ዘመቱ ያውቃል። ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ገባ፤ ሰው ነበረ፣ እሳት ይነድዳል፣ እጅ ያማስላል። ፊታቸውን አዞሩለት፤ ፊት እንጂ ስም አልነበራቸውም። 

"አልተጻፈም" አለ በመጨረሻ። "እኔ ምን ላድርግ? ስማቸው አልተጻፈም።"

"ማን ነው ያልጻፈው?"

ይርዳው ወደ ተፋቀው ስም ዞረ።

"ይሄ ሰው ንጉሥ ነው" አለ አዛዥ ድንቁ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። አደባባዩ በእልልታ ቀለጠ። አሮጊቷ ሳይቀሩ እያለቀሱ፣ "እሰይ! እመት ሐመልማልን ያለ ንጉሥ ከመሸኘት አወጣን!" እያሉ ትከሻውን ሳሙት።

ዘውዱን የሚደፋው ቀጥቃጭ ነበር። በገመድ የራሱን ዙሪያ ለካ፤ "አናቱ ትልቅ ነው፤ ብረት ይፈጃል" ብሎ አጉረመረመ። ዘውዱ እንደ እግር ብረት በቁልፍ የሚዘጋ ነው። ሲዘጋ ይርዳው ጆሮው ውስጥ ጩኸት ሰማ። ቀጥቃጩ ቁልፉን አቅልጦ ምስማር ሠራበት።

ከዚያ ይርዳው በጭቃ ጡብ በተሠራ ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ ንጉሥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ይርዳው ያን ሹሩባ ጺም ገበያ ላይ አይቶታል፤ አሁን ግን ከእርጅና ብዛት ጺሙ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። አዲስ የተያዙትን ነገሥታት ሥራ የሚያስተምረው እሱ ነው።

"እንሥራውን በግራ ትከሻህ ያዝ" አለው። "ስታቀርብላት ዓይኗን አትይ። ስትስቅ አትሳቅ። ስትተኛ ቁም።"

"አንተን ለምን አልቀበሩህም?"

"ወገቤ አይጎነበስም። የማይጎነበስ አገልጋይ ነውር ነው ብለው ተዉኝ።" ሽማግሌው ጺሙን እየፈታ፣ እንደገና እየጎነጎነ ቆየ። "የእኔ እናት የሞተች ዕለት እንዲህ አልነበረም። አገልጋዮቿ ሁሉ አብረዋት ገቡ። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በብር ጥብጣብ አሥረው፣ የወርቅ ቅጠል አድርገው፣ ጽዋ ጽዋቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ። በገናው እየተመታ ነበር። አንዲቱ ዘገየች። ሮጣ ስትመጣ ጥብጣቧን ለማሠር ጊዜ አላገኘችም፤ እንደ ተጠቀለለ ቀሚሷ ውስጥ ከታ ወደ ጉድጓዱ ገባች። እዚያ አሥረዋለሁ ብላ መሰለኝ።"

ይርዳው የዘውዱን ብረት ረስቶ ቀና አለ። 

"ስሟ! ስሟ ማን ነበር?"

"የማን?"

"የዚያች የዘገየችው ልጅ! ስሟን ንገረኝ፤ አንድ ስም ከጠራሁ ይለቁኛል!"

ሽማግሌው ንጉሥ ብዙ አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ግንባሩ ተሸበሸበ።

"የበገናውን ስም አውቃለሁ" አለ።

በሩ ተከፈተና ይርዳው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። አዳራሹ የወፍጮ ቤት ነው። በዙፋኑ ቦታ ትልቅ ወፍጮ ተቀምጧል፤ ከወፍጮው ጎን፣ በሐር ትራስ ላይ፣ እመት ሐመልማል ተኝተዋል። የቀጠኑ፣ የደቀቁ ሴት ናቸው። ጸጉራቸው ነጭ ነው፤ ከእርጅና ይሁን ከዱቄት አይለይም። መዳፋቸው እንደ ድንጋዩ ሻክሯል። በግራና በቀኝ ሁለት ንግሥቶች በሰጎን ላባ ያራግቡላቸዋል።

"ንጉሥዎ መጥቷል፣ ጃንሆይ" አለ አዛዥ ድንቁ።

"ምን ያደርግልኛል?"

"እዚያ ያገለግልዎታል።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ስፈጭ ነው የኖርኩት" አሉ እመት ሐመልማል። ድምፃቸው እንደ ገለባ ነው። "እዚያ የምፈልገው መተኛት ነው። አጠገቤ ሰው ቆሞ እንዴት እተኛለሁ?"

ይርዳው ተንበረከከ። "እርስዎ ከነገሯቸው ይሰማሉ። እባክዎ፣ እኔ ንጉሥ አይደለሁም። መምህር ነኝ። የሸማኔ ልጅ ነኝ። ሚስት አለችኝ።"

 እመት ሐመልማል እጃቸውን ከሐሩ ውስጥ አውጥተው ዘውዱን ነኩት፤ ብረቱ ግንባሩን የበላበትን ቦታ ዳበሱት።

"ልጄ፣ እኔ ይሄን አላዘዝኩም። ድንቁ፣ ይህን ሰው ልቀቀው። ንጉሥ አልፈልግም።"

አዛዥ ድንቁ እስከ ወለሉ ሰገደ። ሲነሣ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ጃንሆይ፣ ቃልዎ ከአናቴ በላይ ነው። ነገር ግን ይሄ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።"

"የምቀበረው እኔ አይደለሁ?"

"የሚቀብረው ሕዝቡ ነው። ያለ ንጉሥ ከሸኘንዎ ነገ ሰው ምን ይላል? ፈጪና ንጉሥ እኩል ሆኑ ይላል።"

እመት ሐመልማል ዓይናቸውን ከደኑ። ያዘኑ ሳይሆን የደከማቸው መሰሉ። እንዲህ ያለ መልስ ከዚህ በፊትም፣ ከሌሎች አዛዦች አፍ፣ ሰምተው እንደሚያውቁ ያስታውቅ ነበር።

"ስሜ እንዳይረሳ ብለው ድንጋይ ላይ ጻፉት" አሉ ቀስ ብለው። "ከዚያ በኋላ የጠራኝ የለም። ጃንሆይ ይሉኛል። እስኪ አንተ ጥራኝ።"

"ሐመልማል" አለ ይርዳው።  "ሐመልማል፣ የትርንጎ ልጅ።"

"አቤት" አሉ። ፊታቸው ላይ የልጅ ፊት መጣ፤ ጠፋ። ትንፋሻቸው አልተመለሰም።

ንግሥቶቹ ማራገቡን አላቆሙም፤ የሚያስቆማቸው አልነበረም።

ይርዳው በድንገት ተነሣ። "አዛዥ! አሁን አወቅሁ! የፈጪ ስም አወቅሁ! ሐመልማል፣ የትርንጎ ልጅ! አንድ ስም ጥራ ብለኸኝ አልነበረም?"

አዛዥ ድንቁ ቆም ብሎ አሰበ። ለአፍታ ያህል ሊለቀው መሰለ።

"ዛሬ የሰማኸው ወሬ ነው" አለ። "ታሪክ የሚሆነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከቀብሩ መልስ ናና ጥራው።"

ቀብሩ ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ደረጃው ወደ ጨለማ ይወርዳል። ከግንቡ የተረፉት ነገሥታት አልቃሽ ሆነው ተሰልፈዋል፤ አለንጋ ሲጮህ ያለቅሳሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ። የእመት ሐመልማል አስከሬን ከነሐሩ ወረደ። መጃቸው ተከትሎ ወረደ። ይርዳው እንሥራ ተሸክሞ ወረደ። ከታች ቀና ሲል ሰማዩ የአንድ ምጣድ ያህል ነበር፤ ዙሪያውን ሰዎች ጎንበስ ብለው ያዩታል። ክፉ ፊት አልነበራቸውም። የአንዳንዶቹ ዓይን እንባ አቅርሯል። ከመካከላቸው አንዷ እናት ለልጇ፣ "አየኸው? ለእኛም እንዲህ ይደረግልናል" ስትል ሰማ።

"እንደ ሕጋችን" አለ የአዛዥ ድንቁ ድምፅ ከላይ፣ "አገር ሳይስማማ ማንም አይቀበርም። የሚቃወም እጁን ያውጣ።"

ይርዳው እንሥራውን ጥሎ እጁን አወጣ።

"እኔ! እኔ እቃወማለሁ!"

"ነገሥታት ድምፅ የላቸውም። ሌላስ?"

ሌላ አልነበረም። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ወረደ። ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሞቃት ነበር። ሁለተኛው ደረቱን ሸፈነ። ይርዳው ከላይ ካሉት ፊቶች መካከል የሚያውቀውን ሰው ፈለገ። አባቱን ፈለገ፤ የአባቱን አያት ፈለገ፤ ያም ሰው ከላይ ሆኖ ይሆናል፣ አካፋም ይዞ ይሆናል። በምን ይለየዋል? አፈሩ አንገቱ ደረሰ። ዘውዱ ከበደ። ከደረጃው አካባቢ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ልጅ እየተቻኮለች ስትወርድ እግሯን ሰማ። "ቆዩኝ፣ ደረስኩ፣ ቆዩኝ" ትላለች። ስሟን ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አፈር ገባበት። አንድ እጁ ብቻ ከአፈሩ በላይ ቀርታ ነበር። ያችን እጅ ዘረጋት። ትከሻው እስኪነቀል ድረስ ወደ ሰማዩ ዘረጋት።

ነቃ።

በሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ከሚግል ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንገቱ ደንዝዟል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል። አዳራሹን የሞላው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ሌላ የወጣ እጅ አልነበረም።

መድረኩ ላይ የቆመው ኃላፊ ፊቱ በራ። ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር ድምፁ ተዘግቷል።

"እናመሰግናለን፣ መምህር! እናመሰግናለን! እንግዲህ በሰፈራችሁ ሥር የተገኘው የጥንት ንጉሥ መቃብር በክብር እንዲጠበቅ፣ ከበላዩ ያላችሁት ነዋሪዎች ከክረምቱ በፊት ቤታችሁን ለቅቃችሁ እንድትነሡ የቀረበው ሐሳብ በነዋሪው ድጋፍ ጸድቋል። የታሪክ ዋጋ የገባው ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም!" ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "በሙሉ ድምፅ በይው። የተቃወመ የለም።"

"እኔ እኮ..." አለ ይርዳው። 

አጠገቡ የተቀመጡት ጎረቤቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ቤታቸው ከእሱ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት እዚያ ነው። አልተቆጡትም። ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁት።

"መምህር፣ ይሄ ንጉሥ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው?"

"ብዙ ነው፣ እትዬ።"

"ስሙስ ይታወቃል?"

"አይታወቅም። ተፍቋል አሉ።"

እትዬ ማንጠግቦሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ቀደም ብዬ ሞቼ ቢሆን ኖሮ አይነኩኝም ነበር" አሉ።

ኃላፊው ወረቀቱን እየሰበሰበ ከመድረኩ ላይ ፈገግ አለ።

"እጅዎን ያውርዱ እንጂ መምህር፤ ተቆጥሯል።"